እምዬ ከማርያም ጋር የነበራት ሒሳብ

አያቴ ስታርፍ የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ የታዘዝኩት እኔ ነኝ። ቀብር ላይ የሚነበበውን ታውቁታላችሁ፣ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። "ከአባታቸው ከአቶ እገሌ፣ ከእናታቸው ከወይዘሮ እገሊት ተወለዱ፤ ዕድሜያቸው ሲደርስ ትዳር መሠረቱ፤ ሃይማኖታቸውን አክባሪ፣ ቤተሰባቸውን ወዳድ፣ እንግዳ ተቀባይ ነበሩ፤ ባደረባቸው ሕመም ሲረዱ ቆይተው..." እያለ ይቀጥላል። እኔም ይህንኑ ጻፍኩ። ሌላ ነገር ብጽፍ አጎቶቼ ይቆጡኝ ነበር፣ ደግሞም ውሸት የለበትም። ሃይማኖቷን አክባሪ ነበረች። ቤተሰቧን ትወድ ነበር። ግን ይኼው ወረቀት በየመቃብሩ ለሁሉም እናት ይነበባል፣ እኔ የማውቃት እምዬ ደግሞ እዚያ ወረቀት ላይ የለችም።

እምዬ ነው የምንላት፣ ልጆቿም የልጅ ልጆቿም። ዕድሜዋን ሙሉ የኖረችው ደብረ ታቦር ነው። ከባሕር ዳር ተነስታችሁ ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ስትታጠፉ፣ መንገዱ እየወጣ እየወጣ ሄዶ ጋቢ የሚያስፈልግበት ከተማ። በላዩ ጉና ተራራ አለ፣ ከአራት ሺህ ሜትር በላይ ነው። ገብሱም ድንቹም ብርዱም ከጉና ነው የሚመጣልን ትል ነበር። ስለ ከተማው ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሳው አጼ ቴዎድሮስን፣ ጋፋትንና ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ነው። እምዬም ጋፋትን ደህና አድርጋ ታውቃለች፣ እህቷ የተዳረችው እዚያ ስለሆነ። መድፉን ጠይቄያት አታውቅም፣ እሷም አንስታው አታውቅም።

ደብረ ታቦር በቤተ ክህነቱ ዘንድ ደግሞ ሌላ ስም አላት። የአቋቋም ትምህርቷ፣ ማለት ማኅሌቱ በከበሮ፣ በጸናጽልና በመቋሚያ የሚቆምበት ሥርዓት፣ የታወቀ ነው። ከአለቃ ገብረ ሐና ጋር ተያይዞ የሚነገረው፣ የተክሌ የሚባለው ዝማሜ ሥር የሰደደው እዚያ ነው። (አለቃን በቀልዳቸው ብቻ ለምታውቁ፣ ትልቅ ሊቅም ነበሩ።) መምህር ባለበት ተማሪ ይመጣል፣ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከጋይንት። የቆሎ ተማሪ ደግሞ ወር ቀለብ የሚቆርጥለት የለውም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንጠልጥሎ፣ ለውሻ የሚሆን በትር ይዞ ከየደጁ ይቆማል። "በእንተ ስማ ለማርያም! ስለ ወላዲተ አምላክ!"

ይቺ ድምፅ ስትሰማ ቤታችን ውስጥ የሚሆነውን ልንገራችሁ። መጀመሪያ ውሻው ይታሰራል። ይኼ የእኛ የልጆቹ ሥራ ነው፣ የዘገየ ኩርኩም አለው። ከዚያ እምዬ ከጓዳ ትወጣለች። የሰው ትራፊ አትሰጥም፤ "ለማርያም ፍርፋሪ አይሰጥም" ትላለች። እንጀራ ስትጋግር መጨረሻ ላይ ሊጡ ሲያልቅ ትንሽ ትንሽ እንጎቻ ትጥላለች። እንጎቻ በደንቡ የልጆች ነው፣ ትኩስ ትኩሱን በበርበሬ የምንበላው። እሷ ግን ግማሹን ለተማሪዎቹ ታስቀምጣለች፣ ሽሮ ቀብታ፣ አጥፋ አጥፋ። በልጅነቴ በዚህ ምክንያት የቆሎ ተማሪ ጠላቴ ነበር።

ሰጥታም ዝም ብላ አትሸኝም። በሩ ላይ አቁማ ትጠይቃለች።

"ከየት ነህ?"

"ከደጋ ዳሞት።"

"ምን ላይ ደረስህ?"

"ጾመ ድጓ ላይ ነኝ እማማ።"

"እናትህ አለች?"

"አለች።"

"የት እንዳለህ ታውቃለች?"

እዚህ ላይ ብዙዎቹ ዝም ይላሉ። ግማሾቹ ከቤት የወጡት ጠፍተው ነው፣ ለትምህርቱ ብለው። እምዬ ታዲያ ትቆጣለች። "ሰው ፈልገህ ላክባት! ነጋዴ ላክ! ደብዳቤ ጻፍ፣ መጻፍ ትችል የለም እንዴ?" ልጁ እንጎቻውን አኮፋዳው ውስጥ ከትቶ እየተሳቀቀ ይሄዳል። ለምን እንደዚያ እንደምትሆን የገባኝ ዘግይቶ ነው፣ አክስቴ ስትነግረኝ።

የእናቴ ታናሽ ወንድም ጠፍቶ ነበር። ብሔራዊ ውትድርና በ1975 ሲታወጅ፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያለ ወንድ ሁሉ የሚፈለግ ሆነ። በወረቀቱ ስድስት ወር ሥልጠና፣ ሁለት ዓመት አገልግሎት ነው የሚለው። በተግባር ግን የሄደ የሚመለስበትን የሚያውቅ አልነበረም። አፈሳ ሲመጣ ልጆች ጣሪያ ላይ ይወጣሉ፣ ጎተራ ውስጥ ይገባሉ። አጎቴ አንድ ሌሊት በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ሄደ። ለእናቱም አልነገራትም፣ ብትጠየቅ እንዳትዋሽ ብሎ። እሷ ጠዋት ያገኘችው የተነጠፈ መደብ ነው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ምንም ወሬ የለም። እንግዲህ እምዬ ከማርያም ጋር ሒሳብ የጀመረችው ያኔ ነው። አክስቴ እንደምትለው በግልጽ ተነጋግራለች፣ ሥዕሏ ፊት ቆማ። "እኔ የሰው ልጅ ሲመጣብኝ አበላለሁ፤ አንቺ ደግሞ የኔን የምታበላ ሴት ፈልጊለት።" በቃ፣ ይኸው ነው ውሉ። ከመጣ ጥላ አስገባለሁ ብላ ስለትም ተሳለች። ሰው ይኼን ደግነት ይለዋል። እኔ ደግነት ብቻ አልለውም። እናት አቅም ያጣችበትን ነገር በምታውቀው ሥራ፣ በእንጀራ፣ ልትገዛው ስትደራደር ነው የማየው። ዕዳዋን በየቀኑ ስለከፈለችም የልብ ልብ ነበራት፣ ማርያምን ስትለምን የምትሽቆጠቆጥ ሴት አልነበረችም። አንዳንዴ ትወቅሳታለች ሁሉ።

የዚህ ታሪክ ሌላው ጫፍ ደግሞ ይገርማል። በ1971 ክረምት የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር እምዬ አርባ ዓመት ሊሞላት ትንሽ ነው የቀራት፣ ፊደል አታውቅም። ቀበሌው መቅረት አይቻልም አለ፣ ሄደች። ማታ ማታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ ኩራዝ ይዛ፣ ከጎረቤቶቿ ጋር። አስተማሪው ልጇ የሚሆን ወጣት ነበር። ሌሎቹ ሴቶች ስማቸውን መፈረም ሲችሉ ተዉት። እሷ ግን ቀጠለች፣ ምክንያቷ አብዮቱ አልነበረም፤ ውዳሴ ማርያምን ራሷ ማንበብ ትፈልግ ነበር። እግዚአብሔር የለም ይባልበት በነበረ ዘመን፣ በመንግሥት ጠመኔ ተምራ ዳዊት መድገም ጀመረች። በጣቷ እየተከተለች፣ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች፣ ቀስ ብላ። የሰኞን ሰኞ፣ የማክሰኞን ማክሰኞ።

የአጎቴ ደብዳቤ የመጣው በአንድ ነጋዴ እጅ ነው። እምዬ ምጣድ ላይ ነበረች። ሰውዬው አቀብሏት ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ከሱዳን የተላከ የኮብላይ ደብዳቤ በዚያ ጊዜ ዋዛ አይደለም። ማንበብ ባትችል ኖሮ ለጎረቤት ልጅ ልትሰጠው ነው፣ የጎረቤት ልጅ ለእናቱ ይነግራል፣ እናቱ ለቀበሌ ባትናገር እንኳ ለማኅበርተኛ ትናገራለች። እምዬ እዚያው ጭስ ውስጥ ቁጭ ብላ ራሷ አነበበችው። "ደህና ነኝ፣ ካርቱም ነኝ፣ ሥራ አግኝቻለሁ፣ ለማንም እንዳትናገሪ።" ምጣዱ ላይ ያለው እንጀራ ከሰለ። አክስቴ የምታስታውሰው የተቃጠለውን ሽታ ነው፤ እምዬ እንጀራ አቃጥላ አታውቅማ። ምን ሆንሽ ስትላት "ጭሱ ነው" አለቻት። ደብዳቤውን ውዳሴ ማርያሟ ውስጥ ከተተችው። ለአያቴ እንኳን የነገረችው ቆይታ ነው፤ እሱ ጠላ ሲጠጣ አፉ አያርፍም ነበርና።

"ደርግ ዓይኔን አብርቶልኛል፣ ልጄንም አሳድዶብኛል" ትል ነበር፣ "አንዱን ይዤ አንዱን አልክድም።" ስለዚያ ዘመን ብዙ ሰው ሲከራከር ሰምቻለሁ፣ ከዚህ የተሻለ ሚዛን ግን አልሰማሁም።

አጎቴ ከካርቱም አሜሪካ ገባ። ደርግ ከወደቀ በኋላም ቶሎ አልመጣም፣ ወረቀቱ እስኪስተካከል። ሲመጣ ከተማው ሁሉ ወጣ። እምዬ በማግሥቱ ጥላውን አስገባች፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ የገዛችውም ከራሷ የጠላ ገንዘብ ነው። እሱ ዶላር ሊያወጣ ቢል "ስለቱ የኔ ነው" ብላ እምቢ አለች። "ማርያም ትዘገያለች እንጂ አትቀርም" አለች አሉ። እንጎቻው ግን አልቆመም። ሒሳቡ ተዘግቷል ብሎ የሚነግራት አልነበረም፣ ልጆቿም የልጅ ልጆቿም አንድ በአንድ አገር እየለቀቁ ነበርና።

ጠላን ካነሳሁ ስለ ማኅበሩ ልናገር፣ እዚህ ላይ ቅሬታ አለኝ። እምዬ የሃያ አንድ ማርያም ማኅበርተኛ ነበረች። ጽዋው ከቤት ቤት ይዞራል፣ ተራ የደረሰው ይደግሳል። ስትሰሙት ቀላል ነው። ጽዋው የሚጠጣው በአንድ ከሰዓት ነው፣ ሥራው ግን ሳምንታት ይፈጃል። ገብሱን ለብቅል ታበቅላለች፣ ጌሾውን ፀሐይ ላይ አስጥታ ትወቅጣለች፣ ጋኑን በወይራ ታጥናለች፣ ትጠነስሳለች፣ እንኩሮውን ታነኩራለች፣ ትደፈድፋለች። በዚህ ሁሉ መሃል አንድ ጊዜ ቢበላሽ ከከተማው አፍ የሚያወጣት የለም። ቀኑ ሲደርስ የማኅበሩ መሪ፣ ሙሴው፣ ከላይ ይቀመጣል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ወንዶቹ "ግሩም ጠላ ነው" ይላሉ፣ ጽዋው በእልልታ ወደ ቀጣዩ ተረኛ ይሄዳል። እምዬ ቆማ ስታስተናግድ ውላ የምትቀመጠው ቤቱ ባዶ ሲሆን ነው። አንድ ጊዜ ይኼ ነገር ፍትሕ የለውም ብዬ ስጨቀጭቃት፣ "አንቺ ደግሞ፤ ማርያም መድረክ ላይ ነው እንዴ ያለችው? ጓዳ ናት" አለችኝ። መልስ አጣሁ፣ አልተስማማሁም ግን። አሁንም አልስማማም። ጓዳ ያለችው ማርያም ብቻ ብትሆን ጥሩ፣ የሁላችንም አክስቶች ወገብ እዚያው ነው የቀረው።

ቅድስት አስመስዬ እንዳልስላት ደግሞ ጸሎቷን ልንገራችሁ። ዶሮ ሲጮኽ ተነስታ ወደ ምሥራቅ ዞራ ትቆማለች። ዳዊቱ ካለቀ በኋላ የቤተሰቡን ስም በክርስትና ስማችን ትጠራለች፣ ከታላቅ እስከ ታናሽ። እኛ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆነን ተራችንን እንጠብቃለን። የዋለችበትን ቂም እዚያ ነው የምታወጣው። ሰው ካስቀየምሽ ስምሽ ብቻውን አይመጣም፣ "ወለተ እገሊትንም አስባት፣ ለእናቷ መታዘዝን ስጣት፣ ትናንት ማሰሮ የሰበረችውን" ይባላል፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። እግዚአብሔር ይስማ አይስማ እንጃ፣ እናቴ ግን ትሰማለች።

ቂመኛም ነበረች። የአክስቴ ልጅ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጴንጤ ሲሆን ያለቀሰችው ለቅሶ የሞተ ሰው ያለ ነበር የሚመስለው። "ማርያምን ካላከበረ ምን ቀረው?" ስሙን መጥራት አቆመች፣ ከጠዋቱ ጸሎት ሳይቀር ዘለለችው። ነገር ግን በየጊዜው በአውቶቡስ ወደ አዲስ አበባ ስንቅ ትልካለች፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ በርበሬ፣ ለእያንዳንዳችን ለየብቻ በፌስታል ታስሮ፣ በላዩ ወረቀት ተለጥፎ በራሷ እጅ ስማችን ተጽፎበት። የዚያን ሰሞን ዕቃውን መናኸሪያ ሄጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። የሁላችንም ስም አለ። አንዱ ፌስታል ላይ ስም የለም፣ "ለዚያኛው" ይላል። ከሌሎቹ ሁሉ የከበደው እሱ ነው።

ይታረቃሉ ብላችሁ ከጠበቃችሁ፣ አዎ፣ በግማሽ። ስሙን መጥራት ጀመረች። ሴት ልጅ ሲወልድ ግን በሰማንያ ቀኗ ትጠመቅልኝ አለች፣ እሱ አይሆንም አለ፣ ደግሞ ሌላ ኩርፊያ። ይቺ እስክታርፍ ድረስ አልተፈታችም። ፌስታሉ ግን ሁለት ሆነ፣ ለልጅቷም።

አያቴ ከሞተ በኋላ የንስሐ አባቷ ለምን አትመነኩሺም ብለዋት ነበር። በእኛ አካባቢ ባል የሞተባት አሮጊት ቆብ ማድረጓ የተለመደ ነው፣ ዓለም በቃኝ ብላ ቤቷ ትቀመጣለች። እምዬ አሰበችበትና፣ "አባ ይተዉኝ፣ እኔ ቆብ ካደረግሁ እነዚህን ልጆች ማን ይጨቃጨቃቸዋል?" አለቻቸው። ቆረበች፣ ግን አልመነኮሰችም።

የቤተሰቡ መዝገብ ቤትም እሷ ነበረች። አጎቴ አሜሪካ ለሆነ ፎርም የልደት ቀኑን በትክክል ሲጠየቅ የደወለው ለእሷ ነው። "የጥቅምት ጊዮርጊስ ዋዜማ፣ ከታኅሣሥ ግርግር በኋላ ሁለተኛው ጥቅምት ላይ" አለችው። ግርግሩ በ1953 ነው፣ ስለዚህ ጥቅምት 22 ቀን 1955። ማን መቼ እንደተወለደ፣ ማን ከማን ጋር የሥጋ ዘመድ ስለሆነ እንደማይጋባ፣ ክርስትና ያነሳው ማን እንደሆነ፣ ሁሉም እሷ ዘንድ ነው። የራሷን ልደት ግን አታውቅም። "ጣልያን ከወጣ በኋላ" ብቻ ነው የምትለው። ጣልያን የወጣው በ1933 ነው፣ እኔም ወረቀቱ ላይ በ1930ዎቹ ብዬ አለፍኩት። ፍትሐቱ ላይ ካህኑ የክርስትና ስሟን ሲጠይቁን እርስ በርስ ተያየን፤ የሁላችንንም የምታውቀው እሷ፣ የእሷን ግን የምታውቀው አንድ አክስቴ ብቻ ነበረች።

ጦርነቱ በ2013 ወደ ደብረ ታቦር ሲቀርብ ሁላችንም ከያለንበት ደወልን። ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ። ከጉና በኩል ከባድ መሣሪያ ይሰማል፣ ከተማው ላይም ወድቆ ቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ሞቱ። ባሕር ዳር ውረጂ ብለን ለመንናት፣ አጎቴም ከአሜሪካ አለቀሰባት። "ፍልሰታን ሳልጨርስ የት ነው የምሄደው? ደግሞስ ተማሪዎቹ የት ይሄዳሉ?" አለች። አልሄደችም። በቡሄ ቀን፣ ነሐሴ 13፣ ሙልሙል ጋግራ ነበር፣ እንደ ሌላው ዓመት። ሆያ ሆዬ የሚል ልጅ ያን ዓመት ብዙ አልመጣም። ተማሪዎቹ በሉት። ይኼን ጀግንነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ያን ሳምንት እንቅልፍ ስላልተኛሁ ግትርነት ነው የምለው፣ አሁንም ሳስበው ያናድደኛል።

ያረፈችው ከዚያ በኋላ ነው፣ በሰላም፣ ታማ ብዙም ሳትተኛ። ተዝካሯ ላይ ያው ተጨቃጨቅን። በቁሟ ደጋግማ ተናግራለች፤ "በሬ እንዳትጥሉብኝ፣ ዕዳ እንዳትገቡብኝ፣ ለተማሪዎቹ አብሉልኝ፣ ይበቃኛል።" አጎቶቼ "ሰው ምን ይለናል" አሉ። እናቴና አክስቶቼ ኑዛዜ ነው አሉ። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ሆነ፣ በሬውም ተጣለ፣ ተማሪዎቹም ጠግበው በሉ፣ ዕዳውንም አጎቴ ከአሜሪካ ከፈለ። እሷ ብትኖር በማግሥቱ ጠዋት ጸሎት ላይ የእነማን ስም ከነወቀሳው እንደሚጠራ ሁላችንም እናውቃለን።

የማኅበሩ ቦታዋን ትልቋ አክስቴ ተክታለች። ተራችን ዘንድሮ የሚውለው ለኅዳር ጽዮን ነው። ደግነቱ የነቢያት ጾም ገብቶ ስለሚሆን ሥጋና ቅቤ የለበትም፤ ጠላ፣ ዳቦ፣ ሽሮና ስልጆ ነው። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። ወንድሞቼም ይመጣሉ፣ ውሃ የሚቀዳውና ጋን የሚያጥበው እነሱ ናቸው ብዬ አስቀድሜ ተናግሬያለሁ፤ አክስቴ "ወንድ ጓዳ ገብቶ ጠላ ያበላሻል" ብላ ለጊዜው አልተቀበለችኝም፣ እየተደራደርን ነው። ከአዲስ አበባ ጌሾ ይዤ እንዳልመጣም አስጠንቅቃኛለች፣ የአዲስ አበባ ጌሾ መድኃኒት የተነፋበት ነው ባይ ናት።